ወንዙ ዝም ያለ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በታሪኩ ውስጥ የሞተ ሰው የለም። ግን ሦስት ሰዎች በእኔ ምክር ለመሞት ጥቂት ነበር የቀራቸው። ያውም የመከርኳቸው ላድናቸው ብዬ ነበር።

ያኔ የማስተርስ ትምህርቴን ለመጨረስ የመመረቂያ ጽሑፌ ብቻ ነበር የቀረኝ። ጥናቴ ከተራራ ላይ ድንጋይ፣ አፈርና ግንድ ተሸክሞ የሚወርድ የጭቃ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚሄድና የት ሄዶ እንደሚያርፍ በኮምፒውተር አስቀድሞ ማስላት ነው። ይህ ዓይነቱ ጎርፍ እንደ ተቦካ ሲሚንቶ ወፍራም ነው። ሰው የማያነቃንቀውን ድንጋይ እንደ ቡሽ ያንሳፍፋል። ለኮምፒውተሩ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የጭቃውን ውፍረት እሰጠዋለሁ። እሱ ሲያሰላ ቆይቶ ካርታ ያወጣልኛል። ጎርፉ በከባዱ የሚያርፍበት ቦታ ቀይ፣ በስሱ የሚደርስበት ቢጫ፣ የማይደርስበት ነጭ ሆኖ ይታያል።

ለጥናቱ የመረጥኩት እንጦጦ ሥር፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ሸለቆ ነበር። የተከራየሁት ሽሮ ሜዳ ስለሆነ በእግሬ እየሄድኩ መለካት እችላለሁ ብዬ ነው።

ጋሽ ደስታንና እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ቤታቸው ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ጋሽ ደስታ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸማኔ ነበሩ። ከዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ። አንደበታቸውም ተሳሰረ። ጳውሎስ ሆስፒታል ክትትል አላቸው። ቀሪውን ጊዜ ግን አልጋ ላይ ናቸው። እትዬ አስካለ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ባላቸውን ያስታምማሉ፣ ሲመቻቸው ቁስቋም ቅዳሴ ይሄዳሉ። ሁለቱም በወጣትነታቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጂፒኤስና ሜትር ይዤ ግቢያቸው አጥር ላይ ሳንዣብብ እትዬ አስካለ ወጡ።

«ልጄ፣ ምን እየለካሽ ነው? ሊያነሱን ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ! ተማሪ ነኝ። ወንዙን ነው የማጠናው።»

«ወንዝ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» አሉና ሳቁ። ቢሆንም አስገቡኝ። ጫማዬን የማጥብበት ውሃ ሰጡኝ፤ ዱካ አወጡልኝ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ሳላርፍ አልመለስም ነበር። ጋሽ ደስታም ስሜን አስተካክለው መጥራት ሲያቅታቸው «ሰላ... ሰላ...» ይሉኝና ይስቃሉ። ስሜ ሰላማዊት ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሙሉ ስሌት አለቀ። ካርታውን ስከፍተው ደነገጥኩ። ቀዩ ቀለም ሸለቆውን ተከትሎ ይወርድና መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ዳርቻውን ይዘላል። ሄዶ የሚተኛው የት እንደሆነ ለማየት የሳተላይት ፎቶውን ከሥሩ አስገባሁ። ቀዩ የተኛው እነ ጋሽ ደስታ ቤት ላይ ነበር።

ሮጬ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ሠርተሻል» አሉኝ። «ግን ይሄ ሞዴል ነው። ገና በእውነተኛ ጎርፍ አልፈተንሽውም። ለማንም ከማሳየትሽ በፊት አረጋግጪው።»

«ክረምት ላይ ነን እኮ፤ እስከማረጋግጥ ጎርፉ ቢመጣስ?»

«ቤቱ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል ብለሽ ብትነግሪያቸው ክፋት የለውም። ከዚያ በላይ አትበዪ።»

ከዚያ በላይ አልኩ።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ለእትዬ አስካለ ሁሉንም አሳየኋቸው። «ይሄ ቀዩ የእናንተ ቤት ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ስደጋግምባቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እሱን ይዤ የት እሄዳለሁ ልጄ?» አሉ፣ አልጋው ላይ ወዳሉት ባላቸው እያዩ።

ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ጋሽ ሸምሱ በዚያ ሰዓት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከወንዙ ወዲያ፣ ኮብልስቶን መንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው። ከሱቁ ጀርባ፣ በደረጃ ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አለ። አንዱ ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ አንዱ ባዶ ነበር።

«የኔ ቤትስ? ያ ነገርሽ ላይ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ካርታውን አተለቅሁት። ግቢያቸው በሙሉ ነጭ ነው። አንድ ነጥብ ቢጫ እንኳ አልነካውም።

«የእርስዎ ምንም አይነካውም ጋሼ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

«በቃ! ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ጋ ይሁኑ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። በዚያው ሳምንት ክፍሉን አስጠርገው፣ የሰፈር ሰው ረድቶን፣ ጋሽ ደስታን ከነአልጋቸው ወንዙ ላይ ባለው ድልድይ አሻገርናቸው። የራሳቸው ቤት ተቆለፈ። እትዬ አስካለ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። የተማርኩት ትምህርት ለሰው ጠቀመ ብዬ ነበር።

ከሳምንት በላይ አለፈ። አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ እንጦጦ በደመና ተሸፈነ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። ቤቴ ሆኜ መቀመጥ ስላቃተኝ ላፕቶፔን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የሄድኩት ለሰዎቹ ፈርቼ አልነበረም። እነሱ ነጩ ቦታ ላይ ናቸው። ጎርፉ ከመጣ በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጋሽ ደስታ ተኝተዋል። እትዬ አስካለ እግራቸውን በቅባት ያሻሉ። ጋሽ ሸምሱም ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆነ ሊያዩ ከሱቅ ወርደው ነበር። የወንዙ ጩኸት ከዝናቡ በላይ ስለሚሰማ የምንነጋገረው በጩኸት ነው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ማዶ ያለውን የተቆለፈ ቤት አያለሁ።

እትዬ አስካለ ድንገት እጃቸውን ከባላቸው እግር ላይ አነሱ። ተነሥተው በሩን ከፈቱና ወደ ውጭ ጆሯቸውን ሰጡ።

«ወንዙ ዝም አለ» አሉ።

እኔም አዳመጥኩ። እውነታቸውን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደዚያው ይደበድበዋል። የወንዙ ድምፅ ግን የለም። ወጥቼ ሳይ፣ ቅድም ዳርቻውን ሊያልፍ የነበረው ውሃ ወርዶ የመሐል ድንጋዮቹ ወጥተዋል።

«ቀንሷል፤ ጥሩ ነው» አልኩ።

«ዝናቡ መች አባራና ነው ወንዝ የሚቀንሰው?» አሉኝ።

«ይቀመጡ እትዬ። ቢመጣም እዚህ አይደርስም። አይተነዋል እኮ።» ላፕቶፑን ከላስቲኩ አውጥቼ ዱካው ላይ ከፈትኩት።

«ዝጊው እሱን!» አሉኝ። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። «እኛ አገር ተራራ ነው። ልጅ ሆኜ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ላይ የሆነ ነገር አግቶታል። ሲለቅ ባንዴ ነው የሚለቀው። ሸምሱ፣ እግሩን ያዝልኝ! እናውጣው!»

ጋሽ ሸምሱ አልተንቀሳቀሱም። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

«ሰላም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ያን አስተያየታቸውን እስክሞት አልረሳውም። አንድ ትልቅ ሰው የቤተሰብ ሕይወት የሚያህል ነገር ይዘው፣ የተማረችው እኔ ስለሆንኩ እኔን ይጠይቃሉ። እኔም ሳላስብ መለስኩ።

«እዚሁ ይሻላል ጋሼ። በዚህ ዝናብ በሽተኛ ማውጣት ነው አደጋው።»

እትዬ አስካለ መልሴን አልጠበቁም። የፍራሹን ጫፍ ይዘው ብቻቸውን ባላቸውን መጎተት ጀምረው ነበር። ቀጭን ሴት ናቸው። ፍራሹ ከአልጋው ሊወድቅ ሲል ጋሽ ሸምሱ ዘለው በእግር በኩል ያዙ። እኔም አንዱን ጎን ያዝኩ። አምኜ አልነበረም። እሳቸው ሲጎትቱ ቆሜ ማየት ስላሳፈረኝ ነው።

ደረጃው በዝናቡ ያንሸራትታል። ጋሽ ደስታ «ቀስ... ቀስ...» ይላሉ። ሁለት ጊዜ ተንበረከክን። ሱቁ ውስጥ ገብተን ባንኮኒው ሥር አስተኛናቸው። ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ «ላፕቶፔ ዝናብ እንዳይነካው ላምጣው» ብዬ ወደ ደረጃው ዞርኩ። እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። ሲይዙኝ ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

ያኔ ድምፁ መጣ።

መጀመሪያ ገልባጭ መኪና ድንጋይ የሚደፋ መሰለኝ። ገልባጭ ግን ደፍቶ ይጨርሳል፤ ይሄ አልጨርስ አለ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች እርስ በርስ መጋጨት ጀመሩ። አዲስ የተቆፈረ መሬት ሽታ ሸተተኝ። ወደ ውጭ ወጥተን ቁልቁል አየን።

ሲወርድ ውሃ አይመስልም። ፊት ለፊቱ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ በመሐሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ከነሥሩ ይገለባበጣል። ከኋላው ጥቁር ጭቃ ይገፋዋል። ለጥናቴ ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ። ቪዲዮ ላይ መሬቱ ከእግር ሥር አይንቀጠቀጥም።

መታጠፊያው ጋ ደረሰ። ዓይኔ እነ ጋሽ ደስታ ቤት ላይ ነበር፤ አሁን ይዘላል፣ አሁን ይውጠዋል ብዬ። አልዘለለም። እዚያ ዳርቻ ላይ የሆነ ነገር ገጨና ወደ እኛ ዞረ። በዓይኔ ፊት ወደ እኛ ዞረ! የግቢውን የብሎኬት አጥር እንደ ብስኩት ሰበረው። መጀመሪያ የገባው እነ ጋሽ ደስታ የነበሩበት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ይዞ ገባ፤ በመስኮቱ ወጣ፤ ቆርቆሮው ተነሥቶ ወደ ጎን ሄደ። ከዚያ የሚታየኝ ጭቃና ድንጋይ ብቻ ሆነ። እኛ የወጣንበት ደረጃ ግማሹ ድረስ ሞልቶ እዚያ ቆመ።

ከክፍሉ ከወጣን አሥር ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም።

 ከዚያ ጋሽ ሸምሱ በራሳቸው ጣት ቆጠሩን። ባንኮኒው ሥር ያሉትን ጋሽ ደስታን፣ እትዬ አስካለን፣ እኔን፣ ራሳቸውን። «አልሐምዱሊላህ» አሉና እንደገና ቆጠሩን።

ማዶ የእነ ጋሽ ደስታ ቤት ቆሟል። ጭቃ እንኳ አልተረጨበትም። በሩ እንደተቆለፈ ነው።

ጋሽ ደስታ ከተኙበት አንገታቸውን አቅንተው «ቤቴስ?» አሉ።

«ቆሟል» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ቆሟል?»

እኔን አላዩኝም፤ የምወቀስበትም ቃል አልተናገሩም። ቢሆንም እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ቁጭ አልኩ።  እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ተርፈናል እኮ» ብለው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። እሳቸው እኔን!

ላፕቶፔ እዚያው ተቀብሮ ቀረ። ጽሑፌ ግን በፍላሽ ነበረኝ። በሁለተኛው ቀን የጓደኛዬን ኮምፒውተር ተውሼ ከፈትኩት። ምን ፍለጋ እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦ ከባድ ዝናብ እየጣለ የወንዝ ፍሰት በድንገት ከቀነሰ፣ ላይኛው ሸለቆ በናዳ መዘጋቱንና የጭቃ ጎርፍ መቅረቡን የሚያመለክት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ነዋሪዎች ወዲያውኑ ሊሸሹ ይገባል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ በራሴ ቃል የጻፍኩት ነው። ያን ቀን ግን ወንዙ ዝም ሲል ጆሮዬ ሰምቶ «ጥሩ ነው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ መታጠፊያው ወረድኩ። ጎርፉን ያዞረው ምን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ከእነ ጋሽ ደስታ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቤት የሚሠራ ሰው የመሠረት አፈር ቆፍሮ ዳርቻው ላይ ከምሮታል። እንዳይናድም ከወንዙ በኩል ድንጋይ ደርድሮበታል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ጎርፉ የገጨው እሱን ነው። እኔ የተጠቀምኩት የመሬት ከፍታ መረጃ ደግሞ ክምሩ ከመኖሩ በፊት የተወሰደ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስለ ክምሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

እኔ ግን አውቀው ነበር። ወር ሙሉ ጂፒኤሱን የምተክለው እዚያ ክምር ላይ ወጥቼ ነው፤ ከፍ ስለሚል ለማየት ይመቸኛል። ማስታወሻዬ ላይ «ጥሩ የመለኪያ ቦታ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ፎቶም ተነሥቼበታለሁ።

አማካሪዬ ጋ ሄድኩና ክምሩን ጨምረን ስሌቱን እንደገና አስኬድነው። ቀዩ መታጠፊያው ጋ ዞረ፤ ሄዶ የጋሽ ሸምሱ ሰርቪስ ቤት ላይ ተኛ። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ። 

«ትንሽ ነው ብለሽ የተውሽው ነገር ነው ሁሉን የሚያዞረው» አሉ። «ይሄንን እንዳለ ጻፊው። እንዳትደብቂው።»

ጻፍኩት። ተመረቅኩም። የፈተኑኝ ሰዎች በዚያ ምዕራፍ አመሰገኑኝ። 

ከጎርፉ በኋላ ጋሽ ሸምሱ ጋ ለይቅርታ ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ ቆሜ የተዘጋጀሁበት ቃል ጠፋብኝ። ሰርቪስ ቤቱ ከነዕቃው ሄዷል። አይነካውም ያልኳቸውም እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እኔ... ማለቴ፣ ነጭ ነው ያልኩዎት...»

«ግቢና ተቀመጪ» አሉኝ። ለስላሳ ከፈቱልኝ። «ቤቱ ይሠራል። ከቤቱ ይልቅ አንድ ነገር ነው የሚያናድደኝ። አስካለ ውጡ ስትል እኔ አንቺን ጠየቅኩሽ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ለምን እሷን አልሰማሁም?»

የከፈቱልኝን ለስላሳ እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ወጣሁ። 

እነ ጋሽ ደስታ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ክምሩን ባለቤቱ አንሥቶታል፤ ይህ ማለት ደግሞ ቤታቸው እንደገና አደጋ ላይ ነው። ይህንን ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ የማላውቀውንም አላውቅም ብዬ፣ ለወረዳው ባለሙያዎች በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ለእነ ጋሽ ደስታም ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሐምሌና ነሐሴን ጳውሎስ አጠገብ የእህታቸው ልጅ ቤት አሳለፉ።

አሁንም የምሠራው ይሄንኑ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ሊሳሳት እንደሚችል ድሮም አውቅ ነበር፤ እሱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ እኔ ሳወራ ምን ያህል እንደምታመን ማየቴ ነው። አንዴ «ምንም አይነካውም»፣ አንዴ «እዚሁ ይሻላል» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እትዬ አስካለ ትንሽ ይሉኝታ ቢይዛቸው፣ «የተማረች ናት፣ ታውቃለች» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ፣ አራታችንም እዚያ ክፍል ውስጥ እንቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲከብድ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ ያለሽበት ደህና ነው?» ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሳይ ስልኩን ማንሳት ያቅተኝ ነበር። እስኪዘጋ አየዋለሁ። ዘንድሮ ግን አነሣለሁ። ደህና ነኝ እላቸዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እሳቸው የሚሉትን እሰማለሁ።